የጠረጴዛ ሌዘር መቁረጫ፦ አመራረጡና አሠራሩ ለቤት ውስጥ ዕደ ጥበብ

ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከወልድያም የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «የጠረጴዛ ሌዘር ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻለኛል?» የጠያቂዎቹ ሥራ ግን ይለያያል። አንዱ የላሊበላ መስቀል ያለበት የቁልፍ መያዣ ይሠራል፤ ሌላዋ ረከቦት፤ ሌላው ደግሞ ለዒድ ስጦታ የሚሆን የዓረብኛ ጽሑፍ ጌጥ። ስለዚህ «ይህን ግዙ» ብዬ በአንድ ቃል የምጨርሰው ጉዳይ አይደለም። መጀመሪያ የምትቆርጡት ነገር ይለይ፤ ቀጥሎ ጭሱ በየት እንደሚወጣ ይታወቅ። ሁለቱ ሳይመለሱ ዋት መቁጠሩ ምንም አይጠቅምም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሌዘር ማሽኑ፣ ትርፍ ሌንስና ትርፍ ቺንጋ። መለዋወጫውን ማሽኑን በምትገዙበት ቀን አብራችሁ ያዙ። በኋላ ለአንድ ሌንስ ሲባል ሥራ ሊቆም ይችላል።
- ለማሽናችሁ ብርሃን የሞገድ ርዝመት (በናኖ ሜትር የሚጻፈው ቁጥር፤ ደረጃ 1ን እዩ) የተሠራ መነጽር
- ጭስ አውጪ ፋንና 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ተጣጣፊ ቱቦ
- ሌዘሩ በሚቆርጥበት ነጥብ ላይ አየር የሚነፋ የአየር ፓምፕ (አንዳንድ አዳዲስ ማሽኖች አብረው ይዘው ይመጣሉ)
- የማር እንጀራ ቅርጽ ያለው የብረት ማስቀመጫ፣ ከሥሩም የሚነጠፍ ቆርቆሮ
- የእሳት ማጥፊያና ውሃ የሞላ መርጫ
- ካሊፐር (ከሚሊ ሜትር በታች የሚለካ መሣሪያ)፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ኮላ
- ላፕቶፕ፣ ከተቻለም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ)
- ለሙከራ የሚሆን ቁርጥራጭ። ከእንጨት ሥራ ቤቶች የተረፈ ኮምፔንሳቶ ለምኑ፤ በርካሽ ይሰጧችኋል።

1. የምትቆርጡትን ለዩ

ወረቀት ላይ ዘርዝሩት፦ ኮምፔንሳቶ፣ ቆዳ፣ ካርቶን፣ አክሪሊክ፣ ጨርቅ። በተለይ አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ብርሃን የሚያሳልፍ አክሪሊክ ትቆርጣላችሁ ወይስ አትቆርጡም? ይህ ጥያቄ ብቻውን ግማሹን ምርጫ ይጨርሳል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በርካሽ የሚገኘው ዳዮድ ሌዘር ወደ 450 ናኖ ሜትር የሚጠጋ ሰማያዊ ብርሃን ነው። ሌዘር የሚቆርጠው ብርሃኑ በሚቆረጠው ነገር ውስጥ ቀርቶ ወደ ሙቀት ሲለወጥ ነው። ነጭ መስታወት የሚመስል አክሪሊክ ሰማያዊውን ብርሃን አሳልፎ ይሰደዋል፤ ስለዚህ አይቆረጥም። ጥቁር አክሪሊክ ግን ብርሃኑን ስለሚይዘው ይቆረጣል። የሲ.ኦ.ቱ ሌዘር (ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ባለበት ቱቦ የሚሠራው) ሞገድ 10,600 ናኖ ሜትር ነው፤ ዓይን አያየውም፤ አክሪሊክም ቀለም ሳይለይ ይይዘዋል። ስለዚህ ለሱቅ ማስታወቂያ ወይም ለመብራት ጌጥ የሚሆን ብርሃን የሚያሳልፍ አክሪሊክ የምትሠሩ ከሆነ ዳዮድ አትግዙ። ሥራችሁ እንጨት፣ ቆዳና ካርቶን ከሆነ ግን ዳዮድ ይበቃችኋል፤ ለቤትም የምመርጠው እሱን ነው።

2. የማሽኑን ዓይነትና ኃይል ምረጡ

ዳዮድ ቀላል ነው፤ ውሃ አይፈልግም፤ ከትንሽ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ትልቁ ጥቅሙ ግን መብራት ሲጠፋ ይታያል፦ 10 ዋት የሚያወጣ ዳዮድ ከግድግዳ የሚስበው ከአንድ ላፕቶፕ ብዙም አይበልጥም፤ በመካከለኛ ዩፒኤስ የተጀመረውን ሥራ መጨረስ ይቻላል። «ኬ40» እየተባለ የሚሸጠው አነስተኛ የሲ.ኦ.ቱ ማሽን ግን ለቱቦው ከ10,000 ቮልት በላይ ያመነጫል፤ በውሃ ይቀዘቅዛል፤ የመሥሪያ ሜዳውም ወደ 300 በ200 ሚሊ ሜትር ነው። ትክክለኛ ኧርዝ (ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርድ የመከላከያ መስመር) የሌለው ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይሰካም። የምትከራዩት ቤት ኧርዝ እንዳለው የማታውቁ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ኤሌክትሪሻን አስመርምሩ።

ስለ ዋት ስትጠይቁ ቃሉን ለዩት። ሻጮች ብዙ ጊዜ በትልቁ የሚጽፉት ማሽኑ የሚስበውን ኃይል ነው፤ እናንተን የሚመለከታችሁ ግን ሌዘሩ በብርሃን መልክ የሚያወጣው ነው። ካርቶኑ ላይ «40 ዋት» ተጽፎ የሚያወጣው ብርሃን 5 ወይም 10 ዋት የሆነ ዳዮድ ሞልቷል። ሻጩን «የሚያወጣው ብርሃን ስንት ዋት ነው?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ካልሰጣችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ።

- 5 ዋት፦ ለመቅረጽ ጥሩ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ለመቁረጥ ግን ደጋግሞ ማለፍ አለበት፤ ጠርዙም ይከስላል።
- 10 ዋት፦ ለአብዛኛው የቤት ሥራ ልክ ነው። 3 ሚሊ ሜትሩን በአየር ፓምፕ ታግዞ በአንድ ወይም በሁለት ማለፍ ይቆርጣል።
- 20 ዋት፦ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር ለሚቆርጥ፣ ወይም ሥራውን ለሽያጭ ላደረገ ሰው።

ከዋቱ ሌላ ሦስት ነገር እዩ፦ መሸፈኛ ሳጥን አለው ወይ? የአየር ፓምፕ ይቀበላል ወይ? ሲነሳ ራሱን ወደ መነሻ ጥግ የሚመልስ ስዊች አለው ወይ? ሦስተኛውን ሰዎች ይዘሉታል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ የት እንደነበረ አያስታውስም። የመነሻ ስዊች ካለው ወደ ጥጉ ተመልሶ ከዚያው ይለካል፤ እንጨቱን ካላንቀሳቀሳችሁት የቀረውን መቀጠል ይቻላል። ከሌለው የተጀመረው ሥራ ወደ ማገዶ ይሄዳል።

3. የማይቆረጠውን እወቁ

ማስጠንቀቂያ፦ ፒቪሲ በምንም ምክንያት አትቁረጡ። ሲቃጠል ሃይድሮጂን ክሎራይድ ያወጣል፤ ሳንባን ይጎዳል፤ የማሽኑንም ብረት ያዝገዋል። አስቸጋሪው ነገር ፒቪሲ ስሙን ቀይሮ መምጣቱ ነው። ለቦርሳና ለሶፋ የሚሸጠው ሰው ሠራሽ ቆዳ፣ አንዳንድ ተለጣፊ ፕላስቲክ፣ የጣሪያ ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ፒቪሲ ነው።

ከተጠራጠራችሁ ደጅ ወጥታችሁ ይህን ሞክሩ። የተላጠ የመዳብ ሽቦ ጫፉን በፒንሳ ይዛችሁ እሳቱ ቀለም መቀየሩን እስኪያቆም አግሉት። የጋለውን ጫፍ ፕላስቲኩ ላይ ነክታችሁ ትንሽ እንዲጣበቅበት አድርጉ፤ መልሳችሁ እሳት ውስጥ አግቡት። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት ማለት ነው፤ ያንን ነገር ወደ ማሽኑ አታስጠጉት።

እውነተኛ ቆዳም ቢሆን አለፋፉ ይለያል። በዕፅዋት የለፋው ለሌዘር ይሆናል። በክሮም የለፋውን ተዉት፤ ጭሱ መርዛማ የክሮም ውህድ ሊይዝ ይችላል። ቆዳውን በምላጭ ቆርጣችሁ የውስጡን ጠርዝ እዩ፦ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ከሆነ ክሮም ነው፤ ቡናማ ከሆነ የዕፅዋት መሆኑ አይቀርም፤ ሆኖም ከሻጩ አረጋግጡ።

ፖሊካርቦኔት ይከስላል፣ እሳትም ይይዛል። ኤቢኤስ ይቀልጣል። ፋይበርግላስና ስታይሮፎምም ይቅሩ። የሚያብረቀርቅ ብረት ብርሃኑን ወደ ዓይን ይመልሳል።

4. ቦታውን አዘጋጁ

ማሽኑ መኝታ ክፍል አይገባም። የሚቃጠል እንጨት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ኤምዲኤፍ ደግሞ በሙጫው ምክንያት ፎርማልዲሃይድ ይጨምራል። ፋኑን ቱቦው መጨረሻ ላይ፣ ወደ መስኮቱ አስጠግታችሁ አድርጉት። እዚያ ሲሆን ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ወደ ውጭ ስለሚሳብ፣ ቀዳዳ ቢኖር እንኳ ጭሱ ወደ ክፍሉ አይተፋም። የጋራ ግቢ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ የቱቦው አፍ የጎረቤት መስኮት ላይ ወይም ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ላይ አይዙር።

ጠረጴዛው የማይነቃነቅ ይሁን፤ ከሥር ቆርቆሮ ይነጠፍ። መጋረጃ፣ ወረቀት፣ ቤንዚንና ቫርኒሽ ከክፍሉ ይውጡ። የእሳት ማጥፊያው ከማሽኑ ጀርባ ሳይሆን በእናንተና በበሩ መካከል ይቀመጥ፤ እሳት ሲነሳ እሳቱን ተሻግራችሁ ልታነሱት አትችሉም።

መነጽሩን በተመለከተ፦ የፀሐይ መነጽር ምንም አያደርግም። ለዳዮድ 450 ናኖ ሜትርን እንደሚያግድ የተጻፈበት፣ የመከላከል ደረጃው «ኦዲ 5» ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ግዙ። ክፍሉ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ ማድረግ አለበት። ጉዳቱ ከዓይን ጥቅሻ ስለሚፈጥን «ሲያበራ ዘወር እላለሁ» ማለት አያድንም።

5. ገጣጥሙና አስተካክሉ

አገጣጠሙ ከማሽኑ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ አለ። እናንተ የምታረጋግጡት ሁለት ነገር ነው። ፍሬሙን ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም አቅጣጫ በሜትር ለኩ፤ ሁለቱ ልኬቶች እኩል ካልሆኑ ማሽኑ ጠማማ ነው፤ ካሬ ስታዙት የተንጋደደ ይሰጣችኋል። ቺንጋውንም በጣት ነክታችሁ እዩ፤ ከላላ ክቡ እንቁላል ይሆናል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ሞተሩን ያደክመዋል።

6. ፎከሱን ለኩ

ልጆች በአጉሊ መነጽር ወረቀት ሲያቃጥሉ እንደምታዩት፣ ነጥቡ በጣም የሚያንሰው በአንድ ርቀት ላይ ብቻ ነው። ከማሽኑ ጋር የሚመጣውን የመለኪያ ብረት በሌዘሩ ራስና በእንጨቱ መካከል አስገብታችሁ ራሱን አውርዱና እሰሩ። ለመቅረጽ ፎከሱ ልክ ከላይኛው ገጽ ይሁን። ለመቁረጥ ወደ ውፍረቱ መካከል ትንሽ ዝቅ ሲል ጠርዙ ቀጥ ይላል።

እዚህ ላይ የደሴን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። ጉም ሲወርድ የሰነበተ ኮምፔንሳቶ እርጥበት ይጠጣና ይቆለመማል፤ መሃሉ ላይ የለካችሁት ፎከስ ጥጉ ላይ ልክ አይሆንም። ስለዚህ ኮምፔንሳቶውን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ አስተኝታችሁ፣ ክብደት ጭናችሁበት አስቀምጡ፤ ግድግዳ ላይ አታስደግፉት። በሥራ ሰዓት ጠርዞቹን በማግኔት ወይም በመያዣ ወደ ማስቀመጫው አጣብቁ፤ የሌዘሩ ራስ የማይደርስበት ቦታ ላይ ይሁን እንጂ።

7. የሙከራ ሰንጠረዥ ሥሩ

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው እንጨት ይፈጃል። 10 ሚሊ ሜትር የሆኑ ትንንሽ ካሬዎችን ደርድሩ፤ ወደ ታች ፍጥነቱ፣ ወደ ጎን ኃይሉ ይለዋወጥ። ላይትበርን የተባለው ፕሮግራም ይህን ሰንጠረዥ ራሱ ያወጣላችኋል፤ የሚከፈልበት ቢሆንም ለ30 ቀን በነጻ ይሞከራል። በነጻ የሚገኘው ሌዘርጂአርቢኤል ለመጀመርና ሥዕል ለመቅረጽ ይበቃል።

ለ10 ዋት ዳዮድ መነሻ የሚሆን ይኸው፦

- 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ለመቁረጥ፦ ሙሉ ኃይል፣ በደቂቃ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሜትር፣ አየር ፓምፑ በርትቶ።
- ኮምፔንሳቶ ላይ ለመቅረጽ፦ ግማሽ ኃይል፣ በደቂቃ 3,000 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ አየሩ ለስለስ ብሎ።

እነዚህ መነሻ ናቸው፤ ልኩን የሚነግራችሁ የገዛችሁት እንጨት ነው። አንዱ ኮምፔንሳቶ ከሌላው በሙጫው ይለያል። ለውጭ ሥራ ተብሎ በጥቁር ሙጫ የተጣበቀው ለሌዘር እልኸኛ ነው። ስለዚህ ከአንድ ሱቅ ብዙ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቁራጭ ወስዳችሁ ሞክሩት። የሠራላችሁን ቁጥር ቁራጩ ላይ ራሱ ቅረጹና ግድግዳ ላይ ስቀሉት።

ያንኑ ቁራጭ ለሌላ ልኬት ተጠቀሙበት። ሌዘሩ ሲያልፍ የሚበላው ስፋት አለ። 20 ሚሊ ሜትር ካሬ ቆርጣችሁ በካሊፐር ለኩ፤ 19.8 ከሆነ የሚበላው 0.2 ነው። ረከቦት ስትሠሩ የእግሩ ማስገቢያ የሚጠብቀው ወይም የሚላላው በዚህች ቁጥር ነው። «3 ሚሊ ሜትር» ተብሎ የተሸጠላችሁን ኮምፔንሳቶም ለኩት፤ 2.8 ሊሆን ይችላል። ከ2.8 ላይ 0.2 ቀንሱ፤ ማስገቢያውን 2.6 አድርጋችሁ ሳሉት። ያኔ እግሩ በመዶሻ እጀታ ቀስ ተደርጎ የሚገባ፣ ያለ ኮላም የሚቆም ይሆናል። (ረከቦቱ ለስኒው ነው፤ የከሰል ማንደጃ አይቀመጥበትም።)

8. ሥዕሉንና ፊደሉን አዘጋጁ

ኢንክስኬፕ የተባለው የሥዕል ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ የግዕዝ ፊደልም በደንብ ያሳያል። ጽሑፉን በኒያላ ወይም በአቢሲኒካ ፎንት ጻፉና ከፓዝ ሜኑ «ኦብጀክት ቱ ፓዝ» የሚለውን ተጫኑ። ይህ ፊደሉን ወደ መስመር ይለውጠዋል፤ ካልተለወጠ የሌዘሩ ፕሮግራም ፊደሉን ላያውቀው ይችላል፤ በምትኩ ባዶ ሳጥን ያወጣል።

ፊደል ለመቅረጽ ከሆነ ይኸው በቂ ነው። ቆርጦ ለማውጣት ከሆነ ግን ሁለት ነገር ይገጥማችኋል። የመጀመሪያው፦ የኛ ፊደል ተነጣጥሎ ነው የሚቆመው። «ሰላም» ብላችሁ ብትቆርጡ የምታገኙት ሦስት የተለያዩ ቁራጮች ነው። ስለዚህ ከሥራቸው 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን ዘንግ ሳሉ፤ ፊደሎቹ ዘንጉ ውስጥ ትንሽ ይግቡ፤ ከዚያ ሁሉንም መርጣችሁ «ዩኒየን» በሉ። አብዛኛው የዓረብኛ ፊደል እርስ በርሱ ቢያያዝም ነጥቦቹ ይወድቃሉ፤ እነሱንም በቀጭን መስመር አያይዙ፣ አለዚያም ከኋላ ሰሌዳ አድርጋችሁ በኮላ ለጥፏቸው።

ሁለተኛው የሚመጣው ፊደሉን ከሰሌዳ ላይ ቀዳዳ አድርጋችሁ ስታወጡ ነው። «መ» ሁለት ቀለበት አለው፤ «ወ»፣ «ዐ»፣ «ቀ» ቀለበት አላቸው። ዙሪያው ሲቆረጥ የቀለበቱ ሆድ አብሮ ይወድቃል። ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ድልድይ ተዉለት።

ለላሊበላ መስቀልም ይኸው ነው። የሐረጉ መስመር በ3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ላይ ከ2 ሚሊ ሜትር ካነሰ በእጅ ስታነሱት ይሰበራል፤ ለቁልፍ መያዣ 3 አድርጉት፤ ኪስ ውስጥ ስለሚንገላታ።

9. ቁረጡ

ሀ. እንጨቱ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ። የጭሱ እድፍ ፕላስተሩ ላይ ይቀራል።

ለ. «ፍሬም» የሚለውን ተጫኑ፤ የሌዘሩ ራስ ሥራው የሚያርፍበትን ዙሪያ ይዞራል። ከእንጨቱ ቢወጣ ወይም መያዣ ቢገጨው አሁኑኑ ይታያችኋል።

ሐ. ቅደም ተከተሉን ከውስጥ ወደ ውጭ አድርጉ፦ መጀመሪያ ገጹ ላይ የሚቀረጸው፣ ቀጥሎ የውስጥ ቀዳዳዎች፣ መጨረሻ የውጭው ዙሪያ። ውጭው ቀድሞ ከተቆረጠ ቁራጩ ይንሸራተታል፤ የውስጡ ቀዳዳም ቦታውን ይስታል።

መ. መነጽር አድርጉ፣ ፋንና አየር ፓምፑን አብሩ፣ ጀምሩ። እስኪያልቅ ድረስ ከክፍሉ አትውጡ። ቡና ቢፈላም፣ ስልክ ቢጮህም አትውጡ። ትንሽ ነበልባል ሥራውን ተከትላ ከሄደች ወዲያው አቁሙና በመርጫው ትንሽ እርጩበት። ካልጠፋ ሶኬቱን ንቀሉና የእሳት ማጥፊያውን ተጠቀሙ፤ ማሽኑ ይበላሽ፣ ቤቱ ይትረፍ።

ሠ. ሲያልቅ እንጨቱን አታንሱት። በጣት ጫፍ ቁራጩን ጫን አድርጉት፤ ከወደቀ ጨርሷል፤ ካልወደቀ ምንም ሳይንቀሳቀስ አንድ ጊዜ ደግሙት። አንዴ ካነሳችሁት ያንኑ መስመር መልሶ ማግኘት ዘበት ነው።

ረ. ፋኑ ለጥቂት ደቂቃ ይሥራ፤ ቁራጩ ላይ የቀረው ጭስ እንዲወጣ። ከዚያ ፕላስተሩን ላጡ፤ የከሰለውን ጠርዝ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉ፤ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ጥላሸቱ ሳይነሳ ቫርኒሽ ከተቀባ እድፉ እንጨቱ ውስጥ ይገባል።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

«አልቆርጥ አለኝ» ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ፍጥነት መቀነስ ነው። ፍጥነቱ በጣም ሲቀንስ እንጨቱ ይከስላል፤ ከሰሉ ብርሃኑን ከልክሎ መቆረጡ ይብስበታል፤ እሳትም ይጠራል። መጀመሪያ ፎከሱን፣ ቀጥሎ ሌንሱን፣ ቀጥሎ አየሩን እዩ። ፍጥነት የመጨረሻው ነው።

አንድ ቦታ ብቻ ካልተቆረጠ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የኮምፔንሳቶው ነው፤ ውስጡ ቋጠሮ ወይም የተከማቸ ሙጫ አለ። ያን ቦታ በስለት ጨርሱት፤ ለአንድ ቋጠሮ ሲባል ሙሉውን ሥራ ደግማችሁ አታክስሉት።

የቅርጹ መስመር መሃል ላይ ከዘለለ ቺንጋው ላልቷል፣ ወይም የዩኤስቢ ገመዱ ተነቃንቋል፣ ወይም የሌዘሩ ራስ መያዣ ገጭቷል። ላፕቶፑ እንዳይተኛም ቅንብሩን አስተካክሉ፤ ስክሪኑ ሲጠፋ ሥራው የሚቋረጥበት ጊዜ አለ።

ኮምቦልቻ ከደሴ ስለሚሞቅ እዚያ ያላችሁ በቀትር ረጅም ሥራ አታስጀምሩ። ዳዮድ ሲግል የሚያወጣው ብርሃን ይቀንሳል፤ ጠዋት የሠራ ቁጥር ቀን ላይ አይሠራም። ሥራውን ከፋፍሉት፤ በመካከሉ ይቀዝቅዝ። የሲ.ኦ.ቱ ማሽን ያላችሁ ደግሞ የማቀዝቀዣውን ውሃ ሙቀት ተከታተሉ፤ የቧንቧ ውሃ ሳይሆን ዲስቲልድ ውሃ ሙሉ፤ የቧንቧው ውሃ ደለልና ጨው ቱቦው ውስጥ ያስቀምጣል።

በሥራ ቀን ማብቂያ ሌንሱ ይጽዳ። ማሽኑ ተነቅሎ ከበረደ በኋላ በጥጥ ጫፍ ላይ ንጹህ አይሶፕሮፒል አልኮል አድርጋችሁ ሳትጫኑ ጥረጉት። በምራቅም፣ በልብስ ጫፍም አይሆንም። ጥላሸት የቀረበት ሌንስ ብርሃኑን ራሱ ስለሚይዘው ይግላል፤ ቆይቶም ይሰነጠቃል። የፋኑን ምላጮችና የቱቦውን ውስጥም አልፎ አልፎ ክፈቱና እዩ፤ እዚያ የሚከማቸው ቡናማ ዝቃጭ በቀላሉ እሳት ይይዛል።